የዶኛ ኦቲሊያ የሰሜን ግድግዳ

ዶኛ ኦቲሊያ ማንሲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ኖሩ፤ የዶን ኤሌውቴሪዮ ቤት ባሕሬን ቀማኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም ማለቴ አይደለም፤ መናገርስ ያውቁበታል። ግን ወሬው ከድንች ይነሳ ከቀብር፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ቤት ላይ ነበር። ቄሱ በዓመት አንድ ጊዜ በጀልባ መጥተው ሲያናዝዙ እንኳ ዶኛ ኦቲሊያ የራሳቸውን ኃጢአት በአጭሩ ጨርሰው የጎረቤታቸውን ቤት ኃጢአት በዝርዝር ያስረዱ ነበር ይባላል። ይህን ማን ሰማ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በመንደራችን በፑንታ ላወን ግድግዳ ሁሉ ስስ ነው።

እርግጥ የተናገሩት ውሸት አልነበረም። ዶኛ ኦቲሊያ ሲያገቡ ባላቸውን ዶን ኖልቤርቶን የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ ወደ ባሕሩ የሚያይ ሰፊ መስኮት። በቺሎኤ ደሴቶች ወደ ሰሜን ሰፊ መስኮት የሚያወጣ ሰው ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው ወይ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ዝናቡም ማዕበሉም የሚመጣው ከዚያው ነውና። ዶን ኖልቤርቶ አናጢ ቢሆኑም አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ አወጡላቸው። ስድስት ክረምት ሙሉ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ባልየው በጨርቅ ሲወትፉት፣ ሚስትየው ማቴያቸውን፣ ያን መራራ የቅጠል ሻይ፣ በቀጭኗ መምጠጫ እየሳቡ ባሕሩን ሲያዩ ቆዩ።

በሰባተኛው ዓመት ዶን ኤሌውቴሪዮ ቺጓይ ከማዶ ደሴት ቤታቸውን ይዘው መጡ። ቤታቸውን ይዘው ስል ዕቃቸውን ማለቴ አይደለም። ባለ ሁለት ፎቁን ቤት እንዳለ፣ ከነበሩ ከነጣሪያው፣ በግንድ ላይ አንሸራተው ባሕር ውስጥ አስገቡት፤ በጀልባ አስጎተቱት፤ በበሬ ዳገቱን አስወጡት። በእኛ ዘንድ ቤት እንደ ከብት ነው፤ ቦታው ካልተስማማው ይነዳል። ያሳረፉትም ከዶኛ ኦቲሊያ መስኮት አራት እርምጃ ላይ ነበር። ቦታውን የፈቀዱት ዶን ኖልቤርቶ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በፖም ጠላ ላይ ተስማምተው። ለሚስታቸው “ነፋሱን ይሰብርልናል” አሏቸው። ዶኛ ኦቲሊያ ስለ ነፋሱ የተባለው በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ስለ ባሕሩ ግን ማንም ምንም ስላላለ እሳቸው ይሉ ጀመር።

ነገሩን ያወሳሰበው አበልጅነቱ ነው። ዶን ኤሌውቴሪዮ የዶኛ ኦቲሊያን አንዲት ልጅ፣ ኢርማን፣ ክርስትና አነሱ። አበልጅ ከአበልጁ ጋር አንተ አንቺ አይባባልም፤ መሰዳደብማ ጭራሽ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በእርስዎ ተጨቃጨቁ።

“እንደምን አደሩ አበልጄ፤ ቤትዎ ደኅና አደረ?” ይላሉ ዶኛ ኦቲሊያ በጠዋት።

“ደኅና አድሯል አበልጄ። እዚያው ነው ያለው።”

“አያለሁ። እሱን ሳላይማ ምን ላይ እችላለሁ።”

በእኛ አገር ቤት የሚለብሰው እንጨት ነው። ክንድ የምታህል ስስ ጣውላ ከአሌርሴ ዛፍ ትፈለጥና አንዷ በሌላዋ ላይ እየተደረበች በሚስማር ትመታለች፤ አሌርሴ ከሆነች የመታትን ሰው የልጅ ልጅ ትቀብራለች። ዶን ኖልቤርቶ ቤታቸውን እንደገና ሲያለብሱ ሦስቱን ጎን በአሌርሴ አለበሱና አራተኛው ላይ፣ ያው የዶን ኤሌውቴሪዮ ቤት የከለለው ሰሜኑ ላይ፣ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ፣ የሣጥን እንጨትና ሬንጅ የተቀባ ወረቀት መቱበት። “ነፋስ አይነካው፣ ሰው አያየው፤ ለማን ብዬ?” አሉ። ዶኛ ኦቲሊያም አልተቃወሙም፤ ቤታቸውን ከውስጥ እንጂ ከውጭ የማየት ልማድ አልነበራቸውም።

ከውስጥ ደግሞ የሚያዩት በመስኮታቸው ፊት የተገተረውን የአበልጃቸውን ግድግዳ ነው። እሱ ከላይ እስከ ታች አሌርሴ ነበር፤ ያውም የእያንዳንዷ ጣውላ ጫፍ እንደ ዓሣ ቅርፊት ክብ ተደርጎ የተቆረጠ። ዶኛ ኦቲሊያ ይህንንም አልወደዱትም። “ይሄ ቤት ነው ወይስ ዓሣ? አንድ ቀን ሎሚ እጨምቅበታለሁ” ይሉ ነበር። ዶን ኖልቤርቶ ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እንጨት መፍለጫቸው ይሄዱ ነበር።

ዶን ኖልቤርቶ ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዶን ኤሌውቴሪዮም ሚስት ሞቱ። ኢርማ ፖርቶ ሞንት ከተማ ገብታ ዓሣ ፋብሪካ ተቀጠረች። ዳገቱ ላይ ሁለት ቤት፣ ሁለት ጭስ፣ አንድ ጭቅጭቅ ቀረ። እኔ እንደማስበው ጭቅጭቁ ባይኖር አንዳቸው ሌላው መሞት አለመሞቱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ካቻምና በየካቲት፣ በጋው ሳያልቅ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው የዶኛ ኦቲሊያን በር አንኳኩ። ቆብ በእጅ ተይዞ ከተመጣ ልመና ነው፤ ለደቦ ሰው የሚጠራው ቤት ለቤት እየተዞረ እንዲህ ነው።

“አበልጄ፣ ቤቴን ወደ ታች፣ ወደብ ዳር ላወርደው ነው። ከልጄ ሱቅ አጠገብ። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ አለ።”

ዶኛ ኦቲሊያ የያዙትን ድንች አስቀመጡ። “ጉልበትዎ ነው ወይስ ምላሴ?”

“ሁለቱም ዝናብ ሲመጣ ነው የሚብስባቸው አበልጄ።”

“መቼ ነው ታዲያ?”

“የፊታችን ቅዳሜ፣ እግዜር ካለ። በሬዎችዎን እንዲያውሱኝ ብዬ ነው።”

የዶኛ ኦቲሊያ በሬዎች፣ ክላቬልና ሉሴሮ፣ በፑንታ ላወን አቻ የላቸውም። ለእናታቸው ልጅ ለማዋስ ሦስት ቀን የሚያስቡት ሴትዮ ያን ዕለት “ዓርብ ማታ ይምጡና ይውሰዷቸው” አሉ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ለአርባ ሰው የሚበቃ ሚልካኦ፣ ያ ከድንች ተፍቆ የሚጋገረው ቂጣ፣ ሠርተው አወረዱ። ቤቱ በግንዶቹ ላይ ተቀምጦ፣ አሥር ጥምድ በሬ ታስሮለት፣ ሲጥ ሲጥ እያለ ሲንቀሳቀስ ሰው ሁሉ “ሳብ፣ ሳብ” ይላል። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የዶኛ ኦቲሊያ ድምፅ ነበር። ፊት የተጠመዱት ክላቬልና ሉሴሮ ያን ቀን እንደሳቡት ስበው አያውቁም ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ብርሃን አገኙ። ባሕሩ በመስኮቱ ሙሉ ተዘርግቷል። ተቀምጠው አዩት። በማግስቱም አዩት። በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ላይ ያን ያህል የሚታይ ነገር እንደሌለ አስተዋሉ፤ የዓሣ ማርቢያ ተንሳፋፊዎች፣ አንድ ጀልባ ሲሄድ፣ ያው ጀልባ ሲመለስ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሟገቱበትን ነገር አግኝተው ሰለቸኝ ማለት የሚያሳፍር ነው።

በሚያዝያ የመጀመሪያው የሰሜን ነፋስ መጣ። የዶን ኖልቤርቶ ቆርቆሮ መጀመሪያ አፏጨ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ ከዚያ አንዱ ተገንጥሎ የዶሮ ቤቱ ላይ አረፈ። ሬንጅ የተቀባው ወረቀት ዕድሜውን ጨርሶ ኖሯል፤ በጣት ሲነኩት ዱቄት ሆነ። ውኃው በሣጥኑ እንጨት ስንጥቅ እየገባ ከምድጃው ጀርባ ወረደ። ዶኛ ኦቲሊያ ድስት ደቀኑበት፤ ድስቱ ሲሞላ ባልዲ ደቀኑ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፊታቸው ቆሞ ዝናቡን ሲጠጣላቸው የኖረው ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። የራሳቸው በሬዎች እንደጎተቱትም አስታወሱ፤ ደማቸው ፈላ፤ የሚጮሁበት ሰው ግን አራት እርምጃ ላይ አልነበረም።

ከዝናቡ የባሰችው ኢርማ ናት። እሑድ እሑድ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ስልክ ትደውላለች።

“እማዬ፣ ሰሜኑ እንዴት ነው? ውኃ ገባ እንዴ?”

“የምን ውኃ?”

“ክሎሪንዳ ነግራኛለች። ስሚኝ፤ በሰኔ ለሳን ሁዋን በዓል እመጣለሁ። ግድግዳውን በእጄ እዳስሳለሁ። እርጥብ ከሆነ በሬዎቹን ሸጠን ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ማሞቂያ አለኝ።”

“በመስኮትሽ ምንድን ነው የሚታየው?”

“የሌላ ፎቅ ግድግዳ” አለች።

ዶኛ ኦቲሊያ ስልኩን ዘግተው ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆሙ። የተወለዱት እዚያው ዳገት ላይ ነው፤ ባላቸው የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሲሚንቶ ግድግዳ እያዩ መሞት አልፈለጉም። ሳን ሁዋን ሊገባ የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

ስለዚህ መሀረባቸውን አስረው ሊለምኑ ወጡ። ለሰው ሠርተው እንጂ ለምነው አያውቁም፤ በመጀመሪያው ቤት በር ላይ መሀረባቸውን ፈተው ደግመው አሰሩ። ክሎሪንዳ ኦያርሶ፣ ያቺው ለኢርማ ወሬ የምታቀብለው፣ በደስታ አስገባቻቸው።

“ኧረ እንመጣለን ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለእርስዎ የማይመጣ ማን አለ። አበልጅዎን ለመኗቸው?”

“ከእናንተ ነው የጀመርኩት።”

“እንግዲያው እሳቸውን ከለመኑ በኋላ ብቅ ይበሉ። አበልጅ ሳይጠራ እኛ ብንመጣ ምን ይባላል?”

ሁለተኛው ቤት ይህንኑ አለ። ሦስተኛውም። አራተኛው ቤት ጨምሮ “ጣውላ መምታቱንስ የሚያውቁበት እሳቸው ብቻ አይደሉ?” አለ። ዶኛ ኦቲሊያ ሰባት ቤት አዳረሱ፤ ሰባቱም ወደ አንድ በር መሯቸው። መንደሩ ተማክሮ ነው ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ፤ አልተሳሳቱም።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ወደብ ዳር፣ ከልጃቸው ሱቅ አራት እርምጃ ላይ በተተከለው ቤታቸው ምድጃ ዳር ተቀምጠው ነበር። ወንበር ሰጧቸው፣ ማቴ ቀዱላቸው። ስለ ድንች ጠየቁ። ስለ ክላቬል ኮቴ ጠየቁ። የመጡበትን እንደሚያውቁ ፊታቸው ላይ ተጽፏል፤ ግን ለማኝ አፉን እስኪከፍት መጠበቅ ወጉ ነው፤ እሳቸውም ወጉን አሟልተው ጠበቁ። ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ተጠጣ።

“ግድግዳዬ ያፈሳል” አሉ በመጨረሻ ዶኛ ኦቲሊያ።

“የትኛው አበልጄ?”

“የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።”

“ከርቀት ነው ያለሁት እንግዲህ። አይታየኝም።”

ዶኛ ኦቲሊያ ይህን ዋጡት። “መጥተው እንዲያለብሱልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት። አሌርሴ ከየትም እገዛለሁ።”

“አሌርሴ መቁረጥ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ። አሁን ያለው ሰው ቤት ላይ የተመታው ብቻ ነው።” ዶን ኤሌውቴሪዮ ኩባያውን አስቀመጡ። “የእኔ ላይ ግን አለ። በእናንተ በኩል የነበረው ግድግዳ አሁን ወደ ልጄ ሱቅ ነው የዞረው። ሱቁ ከልሎታል፤ ነፋስ አይነካው፣ ሰው አያየው። ለእሱ ቆርቆሮ ይበቃዋል። ጣውላውን እነቅልልዎታለሁ።”

ዶኛ ኦቲሊያ ይህን አነጋገር የት እንደሰሙት አስታወሱ። “ልጅዎ ሱቋን አንድ ቀን ከዚህ ብታነሳስ?”

“ያኔ እርስዎ በሬዎን ያውሷታላ።”

ዶኛ ኦቲሊያ ሳቁ። ከአበልጃቸው ጋር የሳቁበትን የመጨረሻ ቀን ለማስታወስ ሞከሩ፤ የኢርማ ክርስትና ዕለት ሳይሆን አይቀርም። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር ቆረጡ። “መስኮቱ እንዳይነካ። ሌላውን እንዳሻዎ።”

“መስኮቱ ነው እኮ ዋናው ቀዳዳ።”

“እንዳይነካ ብያለሁ።”

በሰኔ መጀመሪያ፣ ሰማዩ ለሦስት ቀን በታገሰበት ጊዜ፣ ሰዉ በሙሉ መዶሻውን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ሰባቱ ቤቶች ዳግመኛ ሳይጠሩ መጡ። ያረጀው ቆርቆሮ ተገነጠለ፣ የበሰበሰው እንጨት ተለወጠ። ጣውላው በክላቬልና በሉሴሮ ጋሪ ከታች መጣ። በሬዎቹ የዚያንኑ ቤት ልብስ ወደ ላይ መለሱት ማለት ይቻላል።

ዶኛ ኦቲሊያ ከጋሪው አጠገብ ቆመው ጣውላዎቹን ሲያዩ አንድ የማይጠበቅ ነገር አደረጉ። መመደብ ጀመሩ። “ይቺ ጉጥ ያላት ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ይቺ የተሰነጠቀችው ከሷ በስተቀኝ። ይቺ ጠማማዋ ከላይ።” ሰዉ መዶሻውን ይዞ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ ያዩትን ነገር በቃላቸው ያውቁታል፤ ማወቃቸውን ግን እሳቸውም ያወቁት ያን ዕለት ነው።

“በዓሣው ላይ ሎሚ ይጨመቅ ወይ?” አለች ክሎሪንዳ።

“አንቺ ሚስማር አቀብይ” አሏት።

ከዚያ አንዷን ሊያቀብሉ ገልበጥ ሲያደርጓት ጀርባዋ ላይ የአናጢ እርሳስ ጽሑፍ አዩ። ዝናብ ያልደረሰበት ጀርባ እንደ ትናንት ንጹሕ ነው። “መስኮት” ይላል። ሌላዋን ገለበጡ፤ “መስኮት” ይላል፣ ከሥሩም የረድፍ ቁጥር። የደብዳቤ ሰው ባይሆኑም የባላቸውን የእጅ ጽሑፍ አይስቱትም። ዶን ኖልቤርቶ ሲጽፉ ሁልጊዜ መጨረሻዋን ፊደል ወደ ላይ ይጎትቷት ነበር።

“አበልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

ዶን ኤሌውቴሪዮ ከመወጣጫው ላይ ሆነው አዩና ቀስ ብለው ወረዱ። ጉልበታቸው እውነትም አሟቸው ነበር።

“ባለቤትዎ የቆረጡት ነው። ለዚሁ ለእናንተው ግድግዳ ነበር፣ ከመስኮቱ ዙሪያ እንዲመታ። እኔ ስመጣ ለእኔ ሰጡኝ። እምቢ አልኳቸው። ‘በእኔ ግድግዳ ላይ ብመታው እሷ ውስጥ ናት፣ አታየውም። በእርስዎ ላይ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። ባሕሯን ከወሰድንባት ደህና ነገር እናሳያት’ አሉኝ። የጎደለውን ጨምረው ቆርጠው ጫፉን አንድ በአንድ ያከበቡት ለዚያ ነው። አንድ ክረምት ፈጀባቸው።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“‘ከነገሯት አስነቅላ ታስመልሰኛለች’ አሉ። በኋላማ እርስዎ ስለ ዓሣው ሲቀልዱ… እንዴት ተብሎ ይነገራል።”

ለዶኛ ኦቲሊያ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እንጨት መፍለጫው የሚሄዱት ባላቸው ታወሷቸው። ያን ጊዜ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሆነ ብለው ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰደቡት የባላቸውን ስጦታ ነው። በመሀረባቸው አፍንጫቸውን ይዘው ዞር አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ግድግዳው በመስኮቱ ዙሪያ ለብሶ አለቀ። ጋሪው ላይ ጥቂት ጣውላ ተረፈ። ዶን ኤሌውቴሪዮ በዓይናቸው መስኮቱን ለኩ፣ ጣውላውን ለኩ። በእሳቸው ግድግዳ ላይ መስኮት ስላልነበረ ትርፉ ልክ መስኮቱን የሚያህል ነበር። ከባሕሩ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

“ዝጉት” አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

“ባሕሩስ አበልጄ?”

“ባሕሩ የት ይሄዳል። ቤት አይደለም።”

ኢርማ ለሳን ሁዋን መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከምድጃው ጀርባ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ውጭ ሰሜኑ እንደ ጉድ ይነፍሳል፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የመብራቷ ነበልባል አትነቃነቅም። ወዲያ ወዲህ አየች።

“እማዬ፣ ጨለማ ነው እኮ። ያ ሁሉ የተጨቃጨቅሽበት መስኮት የት ገባ?”

“ብርድ ያስገባ ነበር። አባትሽም ነግሮኝ ነበር።”

ኢርማ የእናቷን ፊት አየች፤ ስለ አራተኛ ፎቅ ምንም ሳታነሳ በሦስተኛው ቀን በጀልባ ተመለሰች።

አሁን ዶኛ ኦቲሊያ ጠዋት ጠዋት ማቴያቸውን የሚጠጡት ውጭ ነው። ዝናብም ቢሆን የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ደርበው፣ የአበልጃቸው ቤት ቆሞበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ከታች የሚያልፉ ጀልበኞች ዶኛ ኦቲሊያ ዞሮ ዞሮ ባሕራቸውን አገኙ ይላሉ። ዶን ኤሌውቴሪዮ ግን እሑድ እሑድ በሚያማቸው ጉልበት ዳገቱን ወጥተው አጠገባቸው ስለሚቀመጡ ያውቃሉ። ሁለቱ የተቀመጡት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው፤ ባሕሩ ከጀርባቸው ነው።